አውቶማቲክ መኪና ድሪፍት ይደረግበታል? እኔ አይደረግም ብዬ ነበር

ሐሙስ ማታ ይህን ክር፣ ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ መጠገን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 16 ዓመት ሠርቼበታለሁ። የጻፍኩት አጭር ነበር። አውቶማቲክ መኪና ድሪፍት፣ ማለትም ሆን ብሎ በጎን ማንሸራተት፣ አይደረግበትም፤ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ፔዳል) የሌለውን መኪና ኋላውን በፈለጉት ሰዓት ማስከዳት አይቻልም፣ እናደርጋለን የሚሉት ልጆች ካምቢዮ ከማቃጠል በቀር የሚሠሩት ነገር የለም አልኩ። ክሩ እስከ እሑድ ማታ 26 መልስ አገኘ። ዘግይታችሁ ለምትመጡ ማን ምን እንዳለ በየተራው ልጻፍላችሁ፤ እኔ የት ላይ እንደተሳሳትኩም አብሮ ይታያል።

እንዲያ ያልኩት ከመሬት ተነስቼ አልነበረም። የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ወጣት ቢኤምደብሊው 318፣ ኢ46 የሚባለውን፣ አስጎትቶ አመጣ። ማርሹን ዲ ላይ ሲያደርጉት ሦስት አራት ሰከንድ ዝም ይልና ጓ ብሎ ይገባል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ከሥር ገብቼ ኮፓውን፣ የካምቢዮውን የዘይት መያዣ፣ ስፈታ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወረደ፤ የተቃጠለ ሽታው ጋራዡን ሞላው። ኮፓው ውስጥ ያለችው ማግኔት በጥቁር ጭቃ ተሸፍናለች፤ ጭቃውን በሁለት ጣቴ ሳሸው የብረት ደቃቅ ይቆረቁራል። ምን ሆነ ብዬ ስጠይቀው ወጣቱ በእርጋታ ነው የምነዳው ጋሼ አለኝ። አልተከራከርኩትም። ማታ ግን ንዴቴ አልበረደም ነበር፤ በዚያው ጻፍኩ።

1ኛው መልስ የጨዋ ነበር። ሌክሰስ የሚነዳ ሰው ነው፤ ሰላምታውን አቅርቦ በሐሳቤ ተስማማ፣ ልጁም እንዲያነበው ክሩን እንደላከለት ነገረኝ።

2ኛው መልስ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። መጀመሪያ ድሪፍት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ አለ። የኋላ ጎማዎች መሬቱን ይለቃሉ፣ ሹፌሩ መሪውን ወደ ተቃራኒው ያዞራል፣ መኪናው በጎኑ እየሄደ በነዳጅ ብቻ ይያዛል። እዚህ ውስጥ ሁለት ሥራ አለ፤ ኋላውን ማስከዳት አንድ፣ ከከዳ በኋላ እዚያው ላይ ማቆየት ሁለት። ፍሪሲዮን የሚረዳው በዋናነት ለመጀመሪያው ነው፤ ማቆየቱ የነዳጅና የመሪ ሥራ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው የጻፍኩት ሲል አረመኝ። ይህን ሳነብ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ገባኝ፤ አነጋገሩ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነበር።

3ኛው ግን ጨዋታ አላወቀም። መካኒክ የሚያየው የታመመ መኪና ብቻ ስለሆነ ጤነኛ መኪና ምን እንደሚችል መናገር አይችልም አለኝ፤ ዕድሜ ልኬን ሐኪም ቤት ተቀምጬ ጤነኛ ሰው የለም እንደማለት ነው ብሎ ጨመረበት። አነጋገሩ ቢያመኝም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሳይበላሽ የሚመጣልኝ ካምቢዮ የለም።

4ኛዋ ኦክላንድ ካሊፎርኒያ የምትኖር እህታችን ናት። እንደ እሷ አባባል እዚያ ይህ ጥያቄ ጥያቄም አይደለም። ሳይድሾው የሚሉት፣ መንታ መንገድ ዘግቶ መኪና ማሽከርከር፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ እዚያው በምሥራቅ ኦክላንድ ነው የተጀመረው። ዛሬ በብዛት ከምታያቸው መኪኖች አንዱ ዶጅ ቻርጀር ነው፤ ቻርጀር ደግሞ በ2006 ሞዴል ተመልሶ ከመጣ ወዲህ አውቶማቲክ እንጂ ባለ ፍሪሲዮን ሆኖ አያውቅም። የኋላ ጎማ የሚያሽከረክር ትልቅ ሞተር ነው፣ ነዳጅ ሲረገጥ ኋላው ራሱ ይወጣል። ፖሊስ የያዘውን መኪና 30 ቀን ማቆየት እንደሚችልና ያም እንዳላስቆማቸው ነገረችን። ማታ ማታ የጎማ ጭስ በመስኮት ገብቶ የልጇን ክፍል ያሸተዋል፤ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ጥቁር ክብ ታያለች። የጻፈችው ለማሞገስ አልነበረም።

ክርክሩን የለወጠው 5ኛው መልስ ነው። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2017፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ዮሃን ሽዋርትዝ የሚባል አሽከርካሪ ቢኤምደብሊው ኤም5ን 8 ሰዓት ሙሉ ድሪፍት ሲያደርግ 374 ኪሎ ሜትር ሄዶ የጊነስን ክብረ ወሰን ይዟል። ነዳጅ ሲያልቅ እንኳ አልቆመም፤ ሌላ ኤም5 ጎን ለጎን እየተንሸራተተ ከመኪና ወደ መኪና ሞሉለት። የዚያ መኪና ካምቢዮ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ነው፣ ያውም እኔ በየቀኑ የምፈታው ዓይነት፣ የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግር ቶርክ ኮንቨርተር ያለው። ኤም5 ለወትሮው አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር ሆኖ ሲፈለግ ኃይሉን በሙሉ ወደ ኋላ ጎማ ብቻ የሚልክበት ምርጫ አለው። ይህን ካነበብኩ በኋላ አይቻልም የሚለውን ቃሌን ይዤ መቆም አልቻልኩም። እዚያው ሥር ተሳስቻለሁ ብዬ ጻፍኩ።

6ኛው መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የመጣልኝ 318 የትኛው የኋላ ጎማ እንደተበላ ጠየቀኝ። አርብ ጠዋት ገብቼ አየሁ። ግራው የውስጡ ሽቦ እስኪወጣ ተልጧል፤ የቀኙ ጥርስ ግን ገና ነው። ይህን ስነግረው ባለቤቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ክብ ሲሠራ እንደነበረና መኪናው ተራ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) እንዳለው አሳየኝ። ተራ ዲፈረንሻል መኪናው ሲጠመዘዝ ክብደት የቀለለውን የውስጠኛውን ጎማ ብቻ ያሽከረክራል፤ የውጭው መሬቱን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው አይከዱም፣ ጭስ ይበዛል እንጂ መኪናው በጎኑ አይሄድም። ሁለቱ ጎማዎች አብረው እንዲዞሩ የሚያስገድድ ዲፈረንሻል የገባበት፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ዲፈረንሻሉ የተበየደ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ይበሉ ነበር። መኪናዋን ሳያያት በአንድ ጎማ ይህን ሁሉ አነበበ። ከክሩ ሁሉ ደስ ያለኝ መልስ ይህ ነው።

7ኛው መልስ ከ5ኛው ጋር ተሟገተ። ኤም5 600 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ዘይቱን የሚያቀዘቅዝለት መሣሪያም ከፋብሪካው አብሮት ወጥቷል፤ ክብረ ወሰኑ የተያዘውም ውኃ በፈሰሰበት ሜዳ ላይ ነው። የእኛ 318 ሲወጣ 118 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ወደ 90 ይወርዳል ማለት ነው፤ በእሱ ላይ ጉልበት የሚበላ የድሮ አውቶማቲክ ይጨመርበት። ደረቅ አስፋልት ላይ ይህ መኪና በነዳጅ ብቻ ኋላው አይወጣም አለ። በዚህ ላይ እስካሁን የተቃወመው የለም።

8ኛው ሪያድ የቤት ሾፌር ሆኖ የሚሠራ ወንድማችን ነው። እዚያ ተፍሒጥ ወይም ሐጅወላ የሚሉትን በዓይኑ አይቷል። ልጆቹ የሚይዙት ካምሪ፣ አኮርድ፣ ሶናታ ነው፤ ሁሉም የፊት ጎማ የሚያሽከረክሩ፣ አብዛኞቹም አውቶማቲክ። ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ በ200 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየበረሩ መሪውን ይመቱና መኪናው በጎኑ ይንሸራተታል፤ ዳር ላይ የቆመ ተመልካች አለ፣ መኪናው ሲስት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። መንግሥት በፈረንጆቹ 2016 ቅጣቱን አክብዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ 20,000 ሪያል እንዲከፍልና መኪናው 15 ቀን እንዲያዝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ 40,000ና አንድ ወር፣ ለሦስተኛ ጊዜ 60,000 ሆኖ መኪናው እንዲወረስ አድርጓል። ወንድማችን አሠሪዎቹ ቤት የሚያድገው የ17 ዓመት ልጅ አንድ ሌሊት ቁልፉን እንዲሰጠው እንደለመነውና እንደከለከለው፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ እንደሚተኛ ጻፈ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

9ኛው፣ አጻጻፉ የወጣት የሚመስል፣ ያ ድሪፍት አይደለም አለ። የ2ኛውን ትርጉም ጠቅሶ የፊት ጎማ የሚያሽከረክር መኪና በጎኑ የሚሄደው በፍጥነቱ ወይም በእጅ ፍሬን እንጂ በነዳጅ ተይዞ ስላልሆነ ከጥያቄው ውጭ ነው ሲል ደመደመ። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ያለ ቦታው የመጣ ልክ ነው እንጂ። 10ኛው ወዲያው ቆጣ ብሎ፣ ዳር ቆሞ ለሞተ ሰው እናት መኪናው የገፋው በፊት ይሁን በኋላ ጎማ ልታስረዳልኝ ትችላለህ ወይ አለው። ከዚያ በኋላ ክሩ ለግማሽ ቀን ጸጥ አለ።

ጸጥታውን የሰበሩት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ 11ኛው። ጎዳና የመንገደኛ ነው፣ የሚጫወትበት ካለ ሜዳ ይግዛ አሉ። እኔንም አልማሩኝም፤ ይቻላል አይቻልም ብዬ መጠየቄ ራሱ ልጆቹን ማደፋፈር ነው አሉኝ። በዚህ አልስማማም። ልጆቹ ጥያቄውን ከእኔ አልሰሙትም፤ መልሱን ግን ከሚያውቅ ሰው ቢሰሙ ይሻላል፣ ይህንኑ በአክብሮት ጻፍኩላቸው።

12ኛው ወደ ጃፓን ወሰደን። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ኩኒሚትሱ ታካሃሺ ውድድር ላይ ጠመዝማዛውን በጎኑ እየገባ ሲያልፍ ያየ ኬይቺ ጹቺያ የሚባል ወጣት በተራራ መንገዶች ላይ ተለማመደው፤ ኋላ ድሪፍት ኪንግ ተባለ። ታዋቂ ያደረጋት መኪና ከ1983 እስከ 1987 የተሠራችው ቶዮታ ኤኢ86 ናት፤ ቀላል፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ፍሪሲዮን የግድ ነው የሚለው እምነት የመጣው ከዚህ ነው አለ። ጉልበት ያነሰው ሞተር ኋላውን እንዲያስከዳ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሞተሩን አስጩኾ ድንገት መልቀቅ ነበረበት፤ የተጠራቀመው ኃይል ጎማውን በአንድ ምት ያላቅቀዋል። 600 ጉልበት ያለው መኪና ይህ ምት አያስፈልገውም። እኔ ለዓመታት የተሸከምኩት ሐሳብ ከየት እንደመጣ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

13 እና 14 መንገድ ሳቱ፤ ግን አልከፋኝም። አንዱ የእኛው አሮጌ ዲኤክስም የኋላ ጎማ የሚያሽከረክር ኮሮላ መሆኑን አስታወሰ። ሌላው ስለ ላዳ ታክሲ ጻፈ፤ አባቱ በክረምት ከእንጦጦ ሲወርድ ኋላው ከድቶት መሪውን ወደ ተንሸራተተበት አዙሮ መልሶ እንዳቀናው፣ ተሳፋሪዎቹ እየጮኹ አባቱ ግን ሬዲዮኑን እንኳ እንዳልቀነሰ። 15ኛው ወደ ዛሬ መለሰን፤ የነዳጅ መኪና ማስገባት በፈረንጆቹ 2024 ከተከለከለ በኋላ ከተማውን የሞሉት ኤሌክትሪክ መኪኖች ማርሽ የሚቀያይር ካምቢዮ የላቸውም፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ክርክር ለማን ነው አለ። 16ኛው መለሰለት። ህዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን የሚባለው ኤሌክትሪክ መኪና ለድሪፍት የተዘጋጀ ምርጫ አለው፤ በውስጡም ፍሪሲዮን ረግጦ ድንገት እንደመልቀቅ ያለ ምት ሞተሩ እንዲሰጥ የተደረገ አለ። ፍሪሲዮን የሌለው መኪና የፍሪሲዮንን ሥራ በኮምፒውተር ይሠራዋል ማለት ነው። 17ኛው ሁላችሁም ወደ ርዕሱ ተመለሱ ብሎ ጮኸ።

18ኛው ርዕሱን መለሰው፤ ግን በመጥፎ በኩል። ለአውቶማቲክ ዘዴ አለ አለ። ማርሹን ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ላይ አድርገህ ሞተሩን በደቂቃ እስከ 4,000 ዙር ታስጮኸውና በአንድ ጊዜ ዲ ውስጥ ትከተዋለህ፤ ጎማው ይከዳል፣ እንደ ፍሪሲዮን ምት ነው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው ሲል አስተማረ። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። 19ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ይህን የጻፈ ሰው የሌላውን ሰው ንብረት እያስገደለ ነው፣ ጽሑፉን ያንሳው አልኩ።

20ኛው ቁጣዬን ነቅፎ ከመቆጣት ምክንያቱን ንገረን አለ። ልክ ነው። በ21ኛው እንዲህ ብዬ አስረዳሁ። ፎሌ ላይ ሞተሩ ሲጮኽ ቶርክ ኮንቨርተሩና ከእሱ ጋር የተያያዘው ዘንግ አብረው ይሽከረከራሉ፤ ጎማውና ከእሱ በኩል ያለው ክፍል ግን ቆሟል። ዲ ሲገባ የሚሽከረከረውን ከቆመው ጋር የሚያጣብቁት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ ስስ ሸራዎች ናቸው። እነዚህ ሸራዎች የተሠሩት ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ሰዓት ለመያያዝ ነው። በ4,000 ዙር ሲጨመቁ ያን ሁሉ ኃይል በሙቀት መልክ ይውጡታል፤ ሸራው ይነድዳል፣ ፍርፋሪው ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የቫልቮቹን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር የተሠራው ቁልፍም ምቱን ይቀበላል፤ አንድ ቀን ይሰበራል። ባለ ፍሪሲዮን መኪና ሸራው ሲያልቅ ካምቢዮው ወርዶ በአንድ ቀን ይቀየራል። አውቶማቲክ ግን እስከ መጨረሻው ፍሬ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተለክቶ ነው የሚገጠመው፤ ዕቃው ሶማሌ ተራ ከተገኘ።

22ኛው መልስ ዱባይ ሆኖ በተዘጋ ሜዳ የሚለማመድ ሰው ነው፤ ለኔ እንደ ትምህርት ነበር። በአውቶማቲክ ሲያደርግ ጎማው እንዳይከዳ የሚቆጣጠረውን ትራክሽን ኮንትሮልና መረጋጋት የሚጠብቀውን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፣ ካልጠፋ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይቆርጥበታል። ማርሹን በእጅ መምረጫው 2ኛ ላይ ይይዛል፤ ዲ ላይ ከተተወ መሃል ላይ ራሱ ማርሽ ይለውጥና ጎማው መሬቱን መልሶ ይይዛል። ኋላውን የሚያስከዳው በክብደት ነው፤ መጀመሪያ ከመታጠፊያው ተቃራኒ ትንሽ ይመታል፣ ወዲያው ወደ መታጠፊያው ይመልሳል፣ መኪናው ሲወዛወዝ ነዳጅ ይሰጣል። ካምቢዮውን ምንም አላስገደደውም። የጨመረው ነገር አለ፤ ከፊት ለብቻው የተገጠመ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣና ሙቀቱን የሚያሳይ ጌጅ። ዘይቱ ሲነዳ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ 120 ሲደርስ ያቆማል፣ ጎማ ቢተርፈውም ያቆማል። ይህን ጌጅ ያልገጠመ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የሚመጡልኝ ሁሉ ጌጅ የላቸውም።

23ኛው አጠር ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። የእጅ ፍሬን ስቦ ማስከዳት የሚያስብ መጀመሪያ መኪናው ምን እንዳለው ይይ፤ የአንዳንድ መርሰዲስ ፓርኪንግ ፍሬን በእግር የሚረገጥ ነው፣ አዲሶቹ ደግሞ በአዝራር ብቻ ነው የሚይዙት።

24ኛውን ሳይ ልቤ ደነገጠ። የ318ቱ ባለቤት ነው። ክሩን ጓደኛው ልኮለት አነበበ። የ18ኛውን ዘዴ ከስድስት ወር በፊት ሌላ ቦታ አይቶ ከጓደኞቹ ጋር ባዶ ሜዳ ላይ ለብዙ ቅዳሜ ሲያደርገው እንደነበረ፣ ሁልጊዜም ወደ ግራ እንደነበረ፣ መኪናውም የታላቅ እህቱ እንደሆነ፣ ጋራዥ ውስጥ የዋሸኝ ይህን ስላፈረ እንደሆነ ጻፈ። ይቅርታም ጠየቀኝ። እኔም ሐሙስ ማታ እናንተ ፊት ስለ እሱ በጻፍኩት ይቅርታ ጠየቅሁት።

25ኛው እኚያ የ11ኛው አባት ናቸው። ለልጁ ብቻ ነው የጻፉት፤ ለእህትህ ራስህ ንገራት፣ ሳትውል ሳታድር አሉት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጁ ጋራዥ መጣ። ነግሯታል፤ አብራው መጥታ ነበር። ካምቢዮውን እነሱ ባሉበት ፈታሁት። የፊት ሸራዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፤ ሁለቱ ላይ ቡናማው ሽፋን ጨርሶ የለም፣ ባዶ ብረት ነው፣ ብረቱም በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። እህቱ አንዱን አንስታ በጣቷ ጠርዙን ዞረችበት፤ ከዚያ ለወንድሟ አቀበለችው። ፎቶ አንስቼ ክሩ ላይ እንዳደርገው የጠየቀኝ እሱ ነው። 26ኛው መልስ ያ ፎቶ ነው፤ በግራ በኩል ያለው አዲሱ ሸራ፣ በቀኝ በኩል ያለው የእሱ።